ሰሜን ተራራ መቼ ነው የሚኬደው? ክረምት ወይስ ታህሳስ (አባቴን ይዤ ነው)

የሲልቨርስፕሪንጓ፦

ሰላም ወገኖች፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው ዛሬ ግን ቸገረኝና ጻፍኩ። አባቴ በ60ዎቹ አጋማሽ (በኛ አቆጣጠር) ደባርቅ ከዛም ጃናሞራ ውስጥ አስተማሪ ነበር፣ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ልጅ ሆኖ ማለት ነው፣ አሁን 74 ሞልቶት ሜሪላንድ እኔ ጋ ነው ያለው። ቲቪ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በመጣ ቁጥር ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና "ይሄ ሳንካበር ነው" ይላል፣ ሳንካበር (ፓርኩ ውስጥ ያለው የድንኳን ማረፊያ) ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ። እና ዘንድሮ ቆርጫለሁ፣ ልወስደው ነው። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆችም (12 እና 9) ይመጣሉ።

ችግሩ እረፍት ነው። ወይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጁላይ 15 እስከ ኦገስት 20፣ ወይ ለፈረንጅ ገና ከዲሴምበር 20 እስከ ጃንዋሪ 3። ሌላ ጊዜ ከሆነ ልጆቹን ከትምህርት ማስቀረት ነው። ኢንተርኔቱ ሁሉ "ከጥቅምት እስከ መጋቢት" ይላል ግን ስድስት ወር ሙሉ አንድ አይነት ነው እንዴ? ክረምትስ እውነት አይሞከርም? ትንሹ ልጄ ደግሞ በረዶ አለ ሲባል ሰምቶ ስኖው መስሎት መንሸራተቻውን እንውሰድ ብሎ ይዞኛል። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

የደባርቅ ልጅ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ፣ አባባንም ሰላም በይልኝ። አስጎብኚ ነኝ፣ እዛው ነው ያደግኩት።

ያልሽው የክረምት ቀን በኛ ከሐምሌ 8 እስከ ነሐሴ 14 መሆኑ ነው። እሱ እኮ የዝናቡ ወገብ ነው! አይቻልም አልልሽም፣ ፓርኩ አይዘጋም፣ ስካውቱም (የፓርኩ ጠባቂ) በቅሎውም አለ። ግን ምን ልታዪ ነው? ሰሜን ማለት ገደሉ ነው፣ ከገደሉ ጫፍ ቆመሽ ቁልቁል ቆላውን ማየት ነው፣ በሐምሌ ደግሞ ገደሉ በጉም ይሞላል፣ እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር ነው) ለመድረስ ግማሽ ቀን ሙሉ ጭቃ ረግጠሽ ስትደርሺ ከፊትሽ ያለው ነጭ አንሶላ ነው። አንዳንዴ ለአምስት ደቂቃ ይገለጥና መልሶ ይዘጋል። እንግዶቼ ያለቀሱበት ቀን አለ።

የኔ ምርጫ ያለጥርጥር ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ሳሩ ገና አረንጓዴ፣ አደዩ ሜዳውን ሞልቶት፣ የጅንባር ፏፏቴም ውሃው ሳይቀንስ። ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቢቀሩ ምን አለበት? ትምህርት ማለት እሱ አይደል።

ስለ በረዶው ልጁን እንዳትዋሺው። በክረምት የሚወርደው ጠጠር በረዶ ነው፣ አንዳንዴ ላዩ ላይ ሜዳውን ነጭ ያደርገውና ፀሀይ ስትወጣ ይሄዳል። በህዳርና ታህሳስ ደግሞ ዝናብ የለም ግን ሌሊት አመዳይ ይወርዳል፣ ጠዋት ሳሩ ሁሉ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። መንሸራተቻው እዛው ሜሪላንድ ይቅር።

ሹፌር ነኝ፦

የደባርቅ ልጅ ያለው ልክ ነው ግን መንገዱን ረሳው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ምንም አይልም። ከደባርቅ ወዲያ ያለው ኮረኮንች ነው ችግሩ። በበጋ ታክሲም የሚሄድበት ይመስላል፣ በነሐሴ ግን ላንድክሩዘሩም እንደ ሳሙና ነው የሚንሸራተተው። ጨነቅን አልፈህ የቧሂትን መተላለፊያ ስትወጣ ከ4,200 ሜትር በላይ ነህ፣ ጉም ነው፣ አንዱ ጎንህ ገደል ነው፣ ከፊትህ የጭነት መኪና ይመጣል። አንድ ሐምሌ ላይ ሁለት ፈረንጆች ይዤ ማጥ ውስጥ ገባሁና ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽት 2 ሰዓት ቆምን፣ የአካባቢው ሰው በገመድ ስቦ አወጣን፣ ብር እንስጥ ስንል "ጭቃው የኛ ነው" ብለው ሳቁብን። ቤንዚኑን፣ ሰዓቱን፣ ወገቤን ሳስብ ያን ወር ዳግም አልሄድም ብዬ ነበር፣ ሄድኩ ግን ሃሃ ስራ ነዋ።

74 ዓመት ሰው ይዘሽ በሐምሌ? በፍጹም።

ከዱባይ፦

እኔ ሐምሌ ነው የሄድኩት አንድ ቃል አልቆጨኝም። እናንተ በበጋ ሰሜን በሉ እኔ ግን 45 ዲግሪ ውስጥ አመት ሙሉ ስቀቀል ከርሜ እረፍቴ በክረምት ነው የሚሰጠኝ፣ ያን ጉም እንደ አየር ማቀዝቀዣ ነው የጠጣሁት። ሳንካበር ድንኳን ውስጥ ዶፉ ሲመታው ሳዳምጥ አደርኩ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ እንደ ሞኝ፣ ዝናብ ናፍቆኝ ነበራ። እሜት ጎጎ ምንም አላየሁም። ጭላዳ ግን ስንት መቶ አየሁ መሰላችሁ፣ ሳሩ ለስላሳ ስለሆነ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሲግጡ ሰው አጠገባቸው ቢደርስም አይሰሙም። አንድም ቱሪስት የለም፣ ተራራው የኔ ብቻ ነበር።

ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይገለጣል፣ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ከለሊቱ 11 ሰዓት ተነስተህ ከሄድክ እስከ 4 ሰዓት ታያለህ።

የደባርቅ ልጅ፦

@ከዱባይ ስለ ጠዋቱ እውነትህን ነው አልክድም። ግን አንተ ብቻህን ነበርክ፣ ወጣት ነህ። ልጅና አዛውንት ይዞ ከለሊቱ 11 ሰዓት በጭቃ መነሳት ሌላ ነገር ነው። ከጨነቅ ወደ አምቢቆ የሚወርድ ሰው ደግሞ የመሸሃ ወንዝ አለበት፣ በነሐሴ ሲሞላ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ ራስ ደጀንን (4,550 ሜትር) በክረምት የሚያስብ ካለ እሱን ወንዝ ያስብ።

ካሜራዬ፦

ከሰላምታ ጋር፣ እኔ የፎቶ ሰው ነኝ። ስድስት ወሩ አንድ አይነት ነው ወይ ላልሽው አይደለም፣ እንዲያውም የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፣ ኢንተርኔት ላይ "ድራይ ሲዝን" ብለው ጠቅልለው ይጽፉታል እንጂ።

መስከረም መጨረሻና ጥቅምት አየሩ የታጠበ ነው። ዝናቡ አቧራውን ሁሉ አውርዶት ከግጭ ቆመህ የራስ ደጀንን ሸንተረር ቁጭ ብሎ ታየዋለህ። አረንጓዴው አለ፣ ቀይና ብጫ ሆኖ እንደ ደመራ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው አበባ አለ፣ ደመናውም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ለፎቶ ደግሞ ደመና የሌለው ሰማይ አሰልቺ ነው። ህዳርና ታህሳስ ሳሩ ወርቅ ይሆናል፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ሌሊቱ ደግሞ ኮከብ በኮከብ፣ ብርድ ግን አለ። ከየካቲት በኋላ ነው የሚበላሸው፣ ከቆላው አቧራና ጭስ ተነስቶ ርቀቱን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል። መጋቢት ላይ ሄጄ ካነሳሁት 900 ፎቶ ያስቀረሁት 11 ነው።

ጅንባርን በተመለከተ፣ 500 ሜትር ገደማ የሚወረወር ውሃ ነው ይባላል፣ በመስከረም ድምጹ ሆድህን ይነቀንቀዋል፣ ጥር ላይ የሄደ ሰው ግን "ይሄ ነው እንዴ?" ነው የሚለው፣ ክር ነው የሚሆነው።

ፓርኩ ላይ የወጣው ቃጠሎም በዛው በደረቁ ማብቂያ ነው፣ በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ ትዝ ይላችኋል፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦና ሳሩ እየነደደ ስንት ሰው በቅጠል ሲያጠፋ ሰነበተ፣ በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነው የጠፋው። እና "እስከ መጋቢት" የሚለውን ማስታወቂያ አትመኚው።

ነታንያ፦

ሻሎም፣ ሰላም። ከእስራኤል ነው የምጽፈው፣ አማርኛዬ ከሰባራ ስለሆነ እንዳትስቁ። ወላጆቼ ከሰሜን ናቸው፣ አባ ወጣት ሆኖ ነው በሱዳን በኩል የወጣው። በ2012 ጥቅምት መጀመሪያ የሱኮት (የዳስ በዓል) እረፍት ላይ ወሰድኩት። የደባርቅ ልጅ እንዳለው ነው፣ ሁሉ ነገር አረንጓዴ፣ ዝናብ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያገኘን እሱም ከሰዓት ለአንድ ሰዓት።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኛ ቆንጆ ነው ስንል አባ ብዙም ደስ አላለውም። ሰው ሁሉ ስራ ላይ ነበር፣ እህሉን ዝንጀሮና ወፍ እንዳይበላው ማማ ላይ ነው የሚውሉት፣ ቁጭ ብሎ ከአባ ጋር የሚያወራ ጠፋ፣ አንዱ ሽማግሌ ብቻ ነው የተገኘ። አባ ለአየር አልነበረም የመጣው ለሰው ነው። ይሄን እንድታስቢበት።

የሲልቨርስፕሪንጓ፦

ዋው ይሄን ሁሉ መልስ አልጠበቅኩም፣ እግዜር ይስጥልኝ!! ክረምትን ትቼዋለሁ በቃ፣ ከዱባይ ይቅርታ ሃሃ። ጥቅምትን ላስብበት ነበር ግን @ነታንያ የጻፍከው ቆም አደረገኝ። ማታ ለአባቴ አነብለታለሁ፣ የተጻፈውን ሁሉ፣ መነጽሩን ጥሎት ነው እንጂ ራሱ ያነበው ነበር።

ነርስ ነኝ፦

እህቴ ስለ ወሩ ሌሎቹ ይነግሩሻል እኔ ስለ ከፍታው ልበል። ሜሪላንድ ከባህር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። አዲስ አበባ 2,350 አካባቢ ነው፣ ደባርቅ 2,850 ገደማ፣ ሳንካበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ ከ3,600 በላይ። "አባቴ ድሮ ኖሮበታል" አይሰራም፣ ሰውነት ከ50 ዓመት በኋላ አያስታውስም። ከመሄዳችሁ በፊት ልብና ሳንባቸውን ያሳዩ፣ የግፊት መድሃኒት ካላቸው ሀኪማቸውን ጠይቁ፣ ዳያሞክስም (የከፍታ ህመም መድሃኒት) የሚያዘው እሱ ነው ከጓደኛ እንዳትወስዱ። አዲስ አበባ ሁለት ሶስት ቀን፣ ጎንደር አንድ ሁለት ቀን፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት። ቀን ላይ በመኪና ጨነቅ ደርሶ መመለስ ይቻላል፣ መተኛት ግን ዝቅ ካለው ቦታ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ፣ መንገዳገድ ካለ ወይም ቁጭ ብለው ሳሉ ትንፋሽ ካጠራቸው "ይተወኛል" ሳይባል መውረድ ነው፣ ያንኑ ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን።

በታህሳስ ከሆነ ደግሞ ብርዱ ሌላ ጫና ነው። ፀሀይዋም ታታልላለች፣ ቀን ላይ በሸሚዝ ትሄጂና ፊትሽ ይላጣል፣ 12 ሰዓት ፀሀይ እንደገባች ጥርስሽ ይንገጫገጫል።

ጉዞ ወዳድ፦

ይቅርታ ግን ማንም ያልነካውን ልንካ። ወቅት ወቅት ትላላችሁ፣ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን ሁኔታ እያወቃችሁ? እኔ ባለፈው ጊዜ ትኬት ቆርጬ ሻንጣ ዘግቼ መንገድ ተዘጋ ተብዬ ቀርቻለሁ። በጣም ጥሩው ወቅት መንገድ ክፍት የሆነበት ወቅት ነው።

የደባርቅ ልጅ፦

@ጉዞ ወዳድ ልክ ነህ እኔም ልጽፈው ፈርቼ ነው የዘለልኩት፣ ምክንያቱም ከዚህ ነው የምበላው። እውነቱን ለመናገር በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ደባርቅ አጠገብ ሲደርስ አንድ አመት ሙሉ እንግዳ አላየንም፣ አሁንም የሚመጣው ትንሽ ነው። ማንም "ሰላም ነው ና" ብሎ ከሶስት ወር በፊት ቢነግርሽ እንዳታምኚ፣ እኔንም ጨምሮ። የሚቀየር ትኬት ቁረጪ፣ ጎንደር ድረስ በአውሮፕላን፣ ከጎንደር ወዲህ ያለውን መንገድ ከመነሳትሽ በፊት ባለው ሳምንት እዛ ያለ ሰው ደውለሽ ጠይቂ፣ በነጋታውም ደግመሽ ጠይቂ። ካልሆነ ጎንደርና አካባቢውን አይታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ተራራው የትም አይሄድም።

የባሌ ሰው፦

ባሌ ይሻላችኋል ብዬ ልግባ እንዴ? ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ሜዳ ነው፣ እስከ ላይ በመኪና ትሄጃለሽ፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ራሱ መኪና ይወጣል፣ ቀይ ቀበሮም ከሰሜን በላይ በቀላሉ የሚታየው እዛ ነው። ለሽማግሌ ምቹ ነው። ዝናቡ ግን እንደ ሰሜን አንድ ክረምት ብቻ አይደለም፣ ከመጋቢት ጀምሮ በልጉም አለ፣ ስለዚህ ከህዳር እስከ የካቲት ነው መሄድ።

ሹፌር ነኝ፦

@የባሌ ሰው አባባ ባሌ አላስተማሩማ ሃሃሃ

ካሜራዬ፦

ወቅት ካነሳን አይቀር አንድ ሰው ይፍረደኝ፣ ጥቅምት "ጸደይ" ነው ወይስ "መጸው"? ባለፈው አንድ ፎቶዬ ስር ጸደይ ብዬ ብጽፍ ሰው ሁሉ ዘመተብኝ።

ጉዞ ወዳድ፦

መጸው ነው። በባህረ ሀሳቡ ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 መጸው፣ ከዛ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከዛ እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ የቀረው ክረምት። ጸደይን ከአበባ ጋር ያገናኘነው በፈረንጅ ስፕሪንግ ተምታቶብን ነው። እኛ ጋ አበባው ከክረምት በኋላ ነው የሚመጣው እንጂ ከብርድ በኋላ አይደለም።

ነታንያ፦

ይሄን እኔም አላውቅም ነበር፣ ቶዳ።

የሲልቨርስፕሪንጓ፦

እሺ ተመልሻለሁ። ትናንት ማታ ለአባቴ ሁሉንም አነበብኩለት፣ ልጆቹም አጠገቡ ቁጭ ብለው ነበር። ዝም ብሎ ሰማ፣ የሹፌሩ ጭቃ ላይ ሳቀ፣ ከዛ ምን አለ መሰላችሁ። "እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?" እውነቱን ነው፣ ለመላው ዓለም ጽፌ እሱን አልጠየቅኩትም።

እሱ የሚለው እንዲህ ነው። መስከረም ላይ ሁሌ ትምህርት ሊጀመር በበቅሎ ጭቃውን እያቋረጠ ነው የሚገባው፣ አደዩ ምናምን አለ ግን ሰው ቤት ዱቄት የለም፣ የከረመው አልቆ አዲሱ አልደረሰም፣ "ሰው እያፈረ ነው ቡና ና ጠጣ የሚልህ" አለ። ጥቅምት ሁሉም ጥበቃ ላይ ነው፣ ነታንያ እንዳለው። ህዳር አጨዳ ነው፣ ህዳር መጨረሻ ታህሳስ ውድማ። ታህሳስ ሊያልቅ ሲል ገብሱ ገብቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ከብቱ ቃርሚያ ላይ ተለቆ ሰው እጁን አጣጥፎ ፀሀይ ይሞቃል። "ሰው ለመጠየቅ የሚኬደው እህል ከተከተተ በኋላ ነው፣ ሌላ ጊዜ ከሄድሽ አስቸጋሪ እንግዳ ነሽ" አለኝ። ብርዱስ ስለው "ብርድማ የሰሜን ባለቤት ነው" አለኝ።

ስለዚህ ታህሳስ ነው፣ ትምህርትም አይቀሩም። ብቻ ግጭ መንደር የነበረ አንድ ወዳጁን ልጆች ማግኘት ይፈልጋል፣ ይቻል ይሆን?

የደባርቅ ልጅ፦

ውይ አባባ። ተሸነፍኩ እኮ። እኔ የማወራው ለእንግዳ የሚያምረውን ነው፣ እኛ ቤት ያለውን ግን እሳቸው ናቸው የነገሩሽ። እናቴም እንደዛው ነው የምትለው፣ መስከረም ላይ እንግዳ ሲመጣባት ምን ላቅርብ ብላ ትጨነቃለች።

ግጭ መንደር አሁን የለም፣ ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ (ከ1996 እስከ 2017 በፈረንጆቹ ነው የነበረበት) እንዲወጣ ሲሰራ ነዋሪዎቹ በኛ 2008 ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ቤቶቹ የነበሩበት አሁን ጓሳ ሳር ሆኗል፣ ጭላዳ ይግጥበታል። ለፓርኩ ጥሩ ሆነ፣ ለሰዎቹ ብዙ የሚባል ነገር አለ እዚህ ግን አልገባበትም። አባባ ቦታውን ሲያዩ እንዳይደነግጡ ከአሁኑ ንገሪያቸው። ሰዎቹን ግን ደባርቅ ከተማ ውስጥ ማግኘት እንዲያውም ይቀላል፣ ተራራ መውጣትም አያስፈልግም፣ የአባትየውን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ እጠይቃለሁ።

በታህሳስ እንዲህ አድርጉ። ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ፓርክ ጽ/ቤቱ ክፍያውንና ስካውቱን እዛው ትጨርሳላችሁ (ስካውት ግዴታ ነው)። ከዛ ቡይት ራስ፣ 3,260 ገደማ ነው ግን ግድግዳና ጣራ ያለው ማረፊያ አለ፣ አባባን ድንኳን ውስጥ እንዳታስተኚ። ጭላዳው ራሱ በር ድረስ ነው የሚመጣው። ጨነቅ ቀን በመኪና ሄዳችሁ ዋልያ ጠብቁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ወይ ከሰዓት 10 ሰዓት ገደሉ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ከዛው ከሰሜን በቀር የትም የለም ለልጆቹ ንገሪያቸው። ልጆቹና አባታቸው አቅም ካላቸው ከሳንካበር ግጭ በእግር ከ5 እስከ 6 ሰዓት ነው፣ አባባ ይቀራሉ። ራስ ደጀን ይቅርባችሁ፣ ለሱ ሌላ ብዙ ቀን ይፈልጋል።

ካሜራዬ፦

ታህሳስም ቢሆን ለፎቶ አትጨነቂ። ጠዋት ያ አመዳይ ፀሀይ ሲነካው፣ ጅባራው ላይ በተለይ፣ ብር ነው የሚመስለው። ጅባራ ስንት አመት ቆሞ አንዴ ብቻ አብቦ ይደርቃል፣ ካበበ ካገኛችሁ አባባን አጠገቡ አቁመሽ አንሽልኝ፣ ቁመቱ ከሳቸው እጥፍ ይበልጣል። ባትሪ ደግሞ ሌሊት በብርድ ይሞታል፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልለሽ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዘሽው ተኚ።

ነርስ ነኝ፦

ከመንደር ቤት ጠላ ሲቀርብላቸው ትንሽ ቀመስ አድርገው ይተዉት፣ መጀመሪያ ሁለት ቀን መጠጥ ከከፍታ ጋር አይስማማም። ይከፋቸዋል አውቃለሁ።

የሲልቨርስፕሪንጓ፦

ነገርኩት። "ጠላውን ካልጠጣሁ ታዲያ ለምን በታህሳስ እሄዳለሁ" ብሎኛል 😂

ልብሱን እንግዛ ብዬ ሱቅ ብወስደው ያን ሁሉ የተራራ ጃኬት አገላብጦ አገላብጦ አስቀመጠውና ጋቢዬንና ቡልኮ ነው የምፈልገው አለ። ቡልኮ አሜሪካ የት አባቴ ይገኛል? ጎንደር ገበያ ይገኛል?

ሹፌር ነኝ፦

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አለልሽ ምን ችግር አለ። ለልጆቹም ግዢ፣ ያ የናይለን ነገር ሌሊት ሲንሿሿ እንቅልፍ አያስተኛም።

ከዱባይ፦

እና በረዶው? ልጁ ምን አለ?

የሲልቨርስፕሪንጓ፦

ጅሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ጠዋት ላዩ በረዶ እንደሚሰራ አያቱ ነግሮት አሁን ጅሪካን ነው ይዘን እንሂድ የሚለው።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ ክሩን ዛሬ ነው ያየሁት፣ እኔ ለጥምቀት ጎንደር ነኝ፣ ከጥር 11 በኋላ ሰሜን ብሄድስ ብርዱ እንዴት ነው? ሆቴልስ?

የደባርቅ ልጅ፦

ብርዱ ያው ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጅንባር ግን ቀጥኗል። ሆቴል ጎንደር ለጥምቀት ከወራት በፊት ነው የሚያልቀው፣ ደባርቅ ግን ታገኛለህ። መንገዱን በሳምንቱ ደውለህ ጠይቅ።